ብሎኑን የምታጠብቀው የመጨረሻዋ ዙር

በፋብሪካ ውስጥ የዳይ ቅያሬን ያህል ተመልካች የሌለው ሥራ አይገኝም። ጎብኚ ሲመጣ የሚታየው ፕሬሱ ላሜራውን ሲመታ ነው። አንዴ ሲወርድ ፓራፋንጎ ይወጣል፤ ያስደንቃል። የፓራፋንጎው ትእዛዝ አልቆ የበሩ ሲጀመር ግን ማሽኑ ይቆማል። ላሜራውን ቅርጽ የሚያስይዙት የላይና የታች ዳዮች፣ ክሬን ካልሆነ ሰው የማያነሣቸው ብረቶች፣ ተፈትተው ይወጣሉ። ሌሎች ገብተው ይታሰራሉ፣ ይለካሉ፣ ይሞከራሉ፣ እንደገና ይስተካከላሉ። ጎብኚው በዚያ ሰዓት ሻይ እንዲጠጣ ይጋበዛል።

እኔ ላደንቅ የተነሣሁት ጎብኚው ሻይ ሲጠጣ የሚሆነውን ነው፤ ይበልጡንም ያን ሥራ ለማሻሻል የተቀመረውን ስሜድ የተባለ ዘዴ። ግቡ አጭር ነው፦ ማንኛውም ቅያሬ ከ10 ደቂቃ በታች ይለቅ። የቀመረው ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ ነው፤ በ1909 ተወልዶ በ1990 አረፈ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ስለ ሥራ ማሻሻያ ዘዴዎች የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስብከት ነው። ስሜድን ግን እንደ አንድ በጥሩ እጅ እንደተሠራ ዕቃ አገላብጦ ማየት ይቻላል። ትርፍ ነገር የለበትም። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ቢዛባ ዘዴው ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንንም «ፍጠን» አይልም።

ነገሩ የተጠነሰሰው በ1950 ሂሮሺማ ውስጥ ነው። ቶዮ ኮግዮ፣ የዛሬው ማዝዳ፣ ያኔ ባለ ሦስት እግር የጭነት መኪና ይሠራ ነበር። 350፣ 750 እና 800 ቶን የሚመቱት ትልልቆቹ ፕሬሶች የፋብሪካውን ሥራ አንቀው ይዘውታል ተባለ። አለቆቹ መፍትሔውንም አዘጋጅተው ነበር፦ ተጨማሪ ማሽን መግዛት። ሺንጎ ግን ከግዢው በፊት አንድ ሳምንት ሰዓት ይዞ ሥራውን እንዲከታተል ፈቃድ ጠየቀ።

በሦስተኛው ቀን የ800 ቶኑ ፕሬስ ዳይ መቀየሪያ ደረሰ። ሠራተኞቹ አሮጌውን ዳይ ፈተው አወጡ። ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ ላይ ታች ማለት ጀመረ። ለካ ከአዲሱ ዳይ ማሰሪያ ብሎኖች አንዱ የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ፤ ብሎን ይዟል። ለሌላ ማሽን የተቀመጠ ረዥም ብሎን አግኝቶ፣ ቆርጦ፣ ጥርስ አውጥቶለት ነው። ያ ሁሉ ሲሆን 800 ቶን የሚመታው ማሽን ተገትሮ ይጠብቃል።

ተራ አለቃ እዚህ ላይ ወይ ሰውየውን ይቆጣዋል ወይ በትጋቱ ያመሰግነዋል። ሺንጎ የጠየቀው ሌላ ነው፦ ያን ብሎን የወሰድክበት ማሽን ነገ ተራው ሲደርስ ምን ይሆናል? ከዚህ ተነሥቶም ሥራውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ማሽኑ ካልቆመ የማይሠራ ነው፤ ዳዩን መፍታትና ማሰር። ሌላው ማሽኑ እየሠራም ሊሠራ የሚችል ነው፤ ብሎን መፈለግ፣ ቁልፍ ማዘጋጀት፣ ቀጣዩን ዳይ ወደ ማሽኑ ማቅረብ። የመጀመሪያውን የውስጥ ዝግጅት፣ ሁለተኛውን የውጭ ዝግጅት አለው። የሚያስፈልጉት ብሎኖች ሁሉ አስቀድመው ተለይተው በሣጥን እንዲቀመጡ አደረገ። በሺንጎ አነጋገር የፕሬሶቹ ውጤታማነት በ50 በመቶ ገደማ አደገ። አዲስ ማሽን አልተገዛም።

ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ መለየት ብቻ። ሲሰሙት «ይሄማ ማን ያጣዋል?» ያሰኛል። እንጀራ የምትጋግር ሴት በእርግጥ አታጣውም። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሰፌድ ፍለጋ ጓዳ አትገባም፤ አክምባሎው ተደፍቶ አንዱ ሲበስል ለቀጣዩ ሊጥ ትቀዳለች። ሰፌዱም ማሰሻውም ቀድመው አጠገቧ ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ምጣዱን የሚያግለው አንድ ክፍል፣ ሊጡን የሚያቀርበው ሌላ ክፍል፣ ሰፌዱን የሚጠብቀው ንብረት ክፍል ነው፤ ሁሉም ሥራውን የሚጀምረው ማሽኑ ቆመ ሲባል ነው። ቅያሬው በሙሉ እንደ አንድ ጥቅል ስለሚታይ በውስጡ ያለውን ማንም ፈትቶ አያየውም። ሺንጎ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው የቅያሬ ጊዜ በዚህ መለየት ብቻ እንደሚቀንስ ይናገራል።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነገሩ ይረቃል። አሁን ጥያቄው «የውስጥ ነው ያልነው ሥራ በእርግጥ የውስጥ ነው ወይ?» የሚል ነው። ሺንጎ በ1957 ሂሮሺማ ወደሚገኘው የሚትሱቢሺ መርከብ መሥሪያ ሄደ። እዚያ የመርከብ ናፍጣ ሞተር መቀመጫ የሚላግበት ትልቅ ማሽን ነበር። መቀመጫውን ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መሐሉን መለካትና ልኩን ማስመር ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ማሽኑም ይቆማል። ሁለተኛ ጠረጴዛ ተሠራ። ቀጣዩ መቀመጫ በትርፉ ጠረጴዛ ላይ ተለክቶና ታስሮ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ የሚቀየረው ጠረጴዛው ራሱ ነው። ምርቱ 40 በመቶ ጨመረ። ሺንጎ በኋላ ሲጽፍ ይቆጨዋል፤ የሠራው ነገር ትርጉም ያኔውኑ ቢገባው ኖሮ ዘዴው ከደርዘን ዓመት በፊት ይጠናቀቅ ነበር ይላል።

የዚህ ደረጃ ሌላው ምሳሌ የቀለጠ አሉሚኒየም የሚፈስበት ሞልድ ነው። ሞልዱ ቀዝቃዛ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ይበላሻሉ። በልማድ ሞልዱን ማሽኑ ላይ አስረው፣ የቀለጠውን ብረት ደጋግመው እያፈሰሱ ያሞቁታል፤ የሚወጣውን ብልሹ ዕቃ ወደ ማቅለጫው ይመልሱታል። ሞልዱ እስኪሞቅ ማሽኑ የሚሠራ ይመስላል፤ የሚሸጥ ነገር ግን አይወጣም። ሞልዱን ውጭ አሙቆ ማስገባት ማንንም አያደክምም። ከባዱ እዚያ ሐሳብ ላይ መድረስ ነው፤ ማሞቅ ለዘመናት የማሰር ሥራ አካል ሆኖ ስለ ታየ።

ሦስተኛው ደረጃ የቀረውን መከርከም ነው። እጅ ጥበቡ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ እስቲ አንዲት ብሎን እንመልከት።

15 ጥርስ ያላት ብሎን ላይ ዳዶው እስኪጠብቅ 15 ጊዜ ይዞራል። ከእነዚህ ውስጥ ዕቃውን ጥርቅም አድርጋ የምትይዘው የመጨረሻዋ ዙር ናት። ሲፈታም እንዲሁ ነው፤ መያዣውን የምታላላው የመጀመሪያዋ ዙር ናት። የተቀረው 14 ዙር ጉዞ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ዳዶ የሚያዞር የአየር ቁልፍ ይገዛና 14ቱን ዙር ያፈጥናል። ሺንጎ 14ቱን ዙር ያስቀራል። የብሎን ሥራ ማሰር እንጂ መዞር አይደለም፤ ታዲያ በአንድ ዙር ለማሰር ምን ያስፈልጋል?

መልሶቹ እያንዳንዳቸው ትንሽ የእጅ ሥራ ናቸው። አንዱ ጎኑ የተከፈተ፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ራንዴላ ነው። የሞተር ሽቦ በሚጠመጠምበት ማሽን ላይ ጥቅሉ ሲያልቅ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ ራንዴላውን አውጥቶ፣ ጥቅሉን ማውጣት ግድ ነበር። ራንዴላው አንድ ጎኑ ሲከፈት ግን ዳዶው አንድ ዙር ይላላል፤ ራንዴላው ወደ ጎን ተንሸራቶ ይወጣል፤ የጥቅሉ ቀዳዳ ከዳዶው ስለሚሰፋ ጥቅሉ ዳዶውን አልፎ ይወጣል። ዳዶው ከቦታው አልተነሣም፤ ስለዚህ አይወድቅም፤ አይጠፋም፤ ፍለጋ የሚሮጥም የለም።

ሌላው ጎማ የሚበስልበት ድስት ክዳን ነው። ክዳኑ ዙሪያውን በብዙ ብሎኖች ይታሰራል። የክዳኑ ቀዳዳዎች ክብ ከሆኑ እያንዳንዱ ዳዶ እስከ ጫፍ ተፈትቶ መውለቅ አለበት። ቀዳዳዎቹን በአንድ ወገን ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። ያኔ ዳዶዎቹ አንድ አንድ ዙር ይላላሉ፤ ክዳኑ ትንሽ ይሽከረከራል፤ ዳዶዎቹ ሰፊው ወገን ላይ ይደርሳሉ፤ ክዳኑ ብድግ ይላል። የተጨመረ ዕቃ የለም፤ የተለወጠው የቀዳዳ ቅርጽ ብቻ ነው።

የዳዮቹ ቁመትም አለ። ዳዮች ሁሉ አንድ መጠን ቢሆኑ ቅያሬ ቀላል ነበር፤ ግን ትንሹን ዳይ ትልቁን ለማሳከል ብረት መጨመር ውድ ነው። ሺንጎ ዳዩ ሁሉ አንድ እንዲሆን አይጠይቅም። የሚይዘው አካል የሚያርፍበት ጠርዝ ብቻ አንድ ውፍረት ይኑረው ይላል፤ ለዚያም ጠርዙ ላይ ትንሽ ብረት መበየድ ይበቃል። ያኔ ለሁሉም ዳይ አንድ ዓይነት ብሎን፣ አንድ ቁመት፣ አንድ ቁልፍ ያገለግላል። የሚያስፈልገውን ብቻ አንድ አድርጎ ሌላውን እንዳለ መተው፣ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ባለሙያ ምልክት ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው ግን ማስተካከል ነው። ሺንጎ የተለመደውን ቅያሬ ሲተነትን 30 በመቶውን ዕቃ ማዘጋጀት፣ 15 በመቶውን መሐል ማግኘትና መለካት፣ 50 በመቶውን መሞከርና ማስተካከል እንደሚወስዱት አገኘ። ማሰሩና መፍታቱ፣ ቅያሬ የምንለው ራሱ ሥራው፣ 5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በማስተካከል የተካነ አንጋፋ ባለሙያ ያለው ፋብሪካ እንደ ታደለ ቢቆጠርም፣ ሺንጎ እዚያ ሙያ ውስጥ የሚያየው ሊቀር የሚችል ድካም ነው። ለምሳሌ ማሽኑን በአምስት የተለያዩ ቦታዎች የሚያስቆም አንድ ማብሪያ ማጥፊያ በየቅያሬው እየተነቀለ፣ እየተለካ፣ እየተሞከረ ይተከል ነበር። በአምስቱም ቦታ አንዳንድ ተክሎ የሚፈለገውን ብቻ ኤሌክትሪክ መስጠት ይቻላል። ያኔ የሚስተካከል ነገር አይኖርም፤ የሚመረጥ እንጂ።

ማሽኑን የሚዞሩት እግሮችም አይረሱም። አንድ ሠራተኛ ከፊት አስሮ ወደ ኋላ፣ ከኋላ አስሮ ወደ ፊት ይመላለሳል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ቢቆሙ መመላለሱ ስለሚቀር ጊዜው ከግማሽም በታች ይወርዳል። ሁለቱ እንዳይጎዳዱ ተራቸው ይጻፋል፤ ምልክት ይለዋወጣሉ።

ሦስቱ ደረጃዎች አንድ ላይ የተፈተኑት በ1969 በቶዮታ ነው። 1000 ቶን የሚመታ ፕሬስ ቅያሬው 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ጀርመን ውስጥ ፎልክስዋገን ተመሳሳዩን በ2 ሰዓት ይጨርሳል። አለቆቹ ጀርመኖቹን ብለጧቸው አሉ። ሺንጎና የፋብሪካው ሰዎች ስድስት ወር ለፍተው 90 ደቂቃ አደረሱት። ደስታው ሳይበርድ አዲስ ትእዛዝ መጣ፦ ከ3 ደቂቃ በታች አድርጉት። ሺንጎ ለቅጽበት ክው አለ። ከዚያ በ1950 እና በ1957 ያያቸው ሁለት ነገሮች ተያያዙለት፤ በስብሰባው አዳራሽ ሰሌዳ ላይ ስምንት ብልሃቶችን ጻፈ። ከሦስት ወር በኋላ 3 ደቂቃው ተገኘ።

ይህ የሺንጎ ትረካ ነው፤ ሙሉው ታሪክ ግን የአንድ ሰው አይደለም። የቶዮታን አመራረት የቀየሰው ታይቺ ኦኖ እንደሚለው የዳይ ቅያሬ በ1940ዎቹ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስድ ነበር፤ በ1950ዎቹ ከአንድ ሰዓት በታች፣ አንዳንዴም እስከ 15 ደቂቃ ወርዷል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ 3 ደቂቃ ደረሰ። ስማቸው ያልተጻፈ ካፖዎችና ዳይ ሠሪዎች ለሃያ ዓመት ሲከረክሩት ኖረዋል ማለት ነው። ከእነርሱም በፊት አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብሬዝ የግንበኛን እጅ አይቶ አንድ ጡብ ለማስቀመጥ የሚደረገውን 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 አውርዶ ነበር። ሺንጎ ያደረገው የተበተነውን ብልሃት ሌላው ሰው በሌላ ማሽን ላይ ሊደግመው በሚችል ቅደም ተከተል ማሰናዳት ነው። ያም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ሒሳቡን ማየት ነው። አንድ ዕቃ መምታት 1 ደቂቃ፣ ቅያሬው 4 ሰዓት ይፈጃል እንበል። 100 ዕቃ ብቻ ብናመርት የቅያሬው ጊዜ ተካፍሎ አንዱ ዕቃ 3.4 ደቂቃ ይወስዳል። 1000 ብናመርት 1.24፣ 10000 ብናመርት 1.024 ይሆናል። ስለዚህ አለቃው ቢፈለግም ባይፈለግም 10000 ያስመታል፤ ትርፉ መጋዘን ይቀመጣል፤ ገንዘቡ እዚያ ይታሰራል፤ ብልሽት ካለበትም የሚታወቀው 10000ው ከተመታ በኋላ ነው። ቅያሬው 3 ደቂቃ ሲሆን ግን 100 ዕቃ ማምረት ለአንዱ 1.03 ደቂቃ ይፈጃል። 100 ማምረት ቀድሞ 10000 ከማምረት ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ረከሰ ማለት ነው። ብዙ ማምረት ያዋጣል የሚለው የቆየ ሕግ የቆመው ቅያሬ ረዥም ነው በሚለው ግምት ላይ ነበር፤ ያን ግምት የሚመረምር ግን ጥቂት ነበር።

በእኛ አገር የሥራ ማሻሻያ ሁለት መልክ ታይቶበታል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ባዳረሰበት ዘመን የሠራ ሰው ነባሩን አሠራር ትቶ ከባዶ ወረቀት መጀመርን ያስታውሳል። ያለውን በጥቂት በጥቂቱ የሚያሻሽለው ካይዘን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2009 በጃፓኑ የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት ብሎ የሚጀምረው ትምህርት ዛሬ በብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሮ፣ የመፍቻው ቅርጽ ሰሌዳው ላይ ተስሎ ይታያል። ጥሩ ጅምር ነው፤ በ1950ው ቅያሬ የጠፋችው ብሎን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አትጠፋም ነበር። ስሜድ ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ ዕቃው ቦታውን ከያዘ በኋላም ማሽኑ ለምን እንደሚቆም ይጠይቃል።

ጥያቄው ፕሬስ በሌለበትም ይሠራል። የአንድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ይታየን። ባለ ጉዳይ መስኮቱ ፊት የቆመበት ሰዓት ማሽኑ የቆመበት ሰዓት ነው። ተራው ደርሶ «ፎቶ ኮፒ አምጣ» ሲባል፣ ወይም ኦፊሰሩ ፋይል ፍለጋ መዝገብ ቤት ገብቶ ሲቀር፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ ይገተራል። የሚያስፈልጉትን ሰነዶች በር ላይ መለጠፍ፣ ቅጹን ሰልፍ ላይ ማስሞላት፣ የቀጠሮ ፋይሎችን ከዋዜማው አውጥቶ መደርደር፤ እነዚህ ሁሉ የውጭ ዝግጅቶች ናቸው። መስኮቱ ላይ መቅረት ያለበት ማየት፣ መፈረምና ማኅተም ማድረግ ነው። ኮምፒውተር ካልተገዛ አይሆንም የሚባለው ግማሹ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በቅደም ተከተሉ ካልሄድን ግን ኮምፒውተሩም ቢመጣ የምናፈጥነው 14ቱን ዙር ነው።

ዘዴው ወሰን አለው፤ ያተረፈውን ጊዜ በምን ላይ እንደምናውለው አይወስንልንም። ቅያሬ ያሳጠረ ፋብሪካ የተገኘውን 3 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ያንኑ ዕቃ ይበልጥ ለማምረት ካዋለው መጋዘኑ ከድሮው ፈጥኖ ይሞላል። ሠራተኛ ለመቀነስ ካዋለው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የራሱን ሥራ ሰዓት ይዞ የሚያሳይ ሠራተኛ አያገኝም፤ ዘዴው ደግሞ ያለ እርሱ ዓይን አይንቀሳቀስም። ጊዜው የተቆጠበው ደጋግሞ ለመቀየር ነው። ብሎኑን፣ ራንዴላውንና ቀዳዳውን ባለሙያዎቹ ይጨርሱታል፤ በሳምንት አንዴ ይቀየር የነበረውን ዳይ በቀን ሦስቴ ለማስቀየር መድፈር ግን የአለቃው ድርሻ ነው።